የሚናገር የቤት እንስሳ ጨዋታ ለመሥራት፦ ዩኒቲ፣ ጎዶት ወይስ አፕ ኢንቬንተር?

ሲነኩት የሚስቅ፣ ሲያናግሩት ደግሞ የሰማውን በቀጭን ድምፅ የሚደግም የድመት ወይም የቡችላ ጨዋታ ለስልክ መሥራት የሚፈልግ ሰው፣ መሣሪያ ሲመርጥ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በሥዕሉ ጥራት ላይ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ መመርመር ያለበት የድምፁ አያያዝ ነው እላለሁ፤ ሆዱን ሲነኩት ማሳቅ ለሦስቱም፣ ማለትም ለጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራሞቹ ለዩኒቲና ለጎዶት፣ ለስልክ መተግበሪያ መሥሪያው ለአፕ ኢንቬንተርም ቀላል ነው፤ ልዩነታቸው የሚለየው ማይክሮፎኑ ሲከፈት ነው።

ዩኒቲ የተቀዳውን ድምፅ በቁጥር መልክ ለፕሮግራሙ ስለሚያቀርብ፣ ጉልበቱን እየለኩ የእንስሳውን አፍ ከንግግሩ ጋር መክፈትና መዝጋት ይቻላል። ድምፁን በ1.5 እጥፍ ፍጥነት ማጫወት ያቀጥነዋል፤ ነገር ግን የ3 ሰከንድ ንግግር በ2 ሰከንድ ያልቃል። ፍጥነቱን ሳይነካ የሚያቀጥን ማጣሪያ በዩኒቲም በጎዶትም አለ። በጎዶት የማይክሮፎን ግቤት ከፕሮጀክቱ ማስተካከያ ካልተከፈተ መቅጃው ዝምታን ብቻ ስለሚይዝ፣ ጀማሪ ስሕተቱን በከንቱ ከኮዱ ውስጥ ይፈልጋል።

አፕ ኢንቬንተር ኮድ ከመጻፍ ይልቅ ብሎክ በመገጣጠም የሚሠራ ነው። ንግግርን ወደ ጽሑፍ ለውጦ በቀጭን የማሽን ድምፅ ያስነብባል፤ የተቀዳውን የሰው ድምፅ ግን በራሱ ማጫወቻ ማቅጠን አይቻልም። ልጅን የሚያስቀው ደግሞ የገዛ ድምፁ ተለውጦ ሲመለስለት ነው፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ጉድለት ነው።

በየትኛውም መሣሪያ የማይቀር አንድ ሥራ አለ። ድመቷ ስትናገር ማይክሮፎኑ ካልተዘጋ ከድምፅ ማጉያው የወጣውን ራሷ ሰምታ መልሳ ትደግመዋለች፤ ማቆሚያም የለውም። ንግግሩ ማለቁን የሚወስነው የዝምታ ጊዜም በጣም ካጠረ፣ እያሰበ የሚናገርን ሕፃን ቃሉን ከአፉ ይነጥቀዋል።

በወጪ ረገድ ጎዶት ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት በሚያስችለው የኤምአይቲ ፈቃድ የሚሰጥ ክፍት ሶፍትዌር በመሆኑ ከገቢ ላይ ምንም አይጠይቅም። የዩኒቲ የግል ፈቃድ የ12 ወር ገቢ ከ200,000 ዶላር እስካላለፈ ድረስ ነጻ ነው፤ ኩባንያው በ2023 ጨዋታው በተጫነ ቁጥር ክፍያ እጠይቃለሁ ብሎ ብዙ ሠሪዎችን አስደንግጦ በ2024 ሰርዞታል። ለአይፎን ለማዘጋጀት በሁለቱም በተለመደው መንገድ ማክ ኮምፒውተርና ኤክስኮድ የተባለው የአፕል መተግበሪያ መሥሪያ ፕሮግራም ያስፈልጋሉ።

እንግዲህ በጠፍጣፋ ሥዕል የመጀመሪያ ጨዋታውን ለሚሠራ ሰው ጎዶትን እመርጣለሁ። ባለ ሦስት አውታር ገጸ ባሕርይ ለሚፈልግና በማስታወቂያ ገቢ ለሚያስብ ግን የማስታወቂያ ድርጅቶች ያዘጋጁለት ማያያዣ የበዛው ዩኒቲ ይሻለዋል፤ አፕ ኢንቬንተር ልጆችን ፕሮግራም ለማስተማር ይሁን።