አራት ጥርስ ሊነቅሉባት ነበር፦ እናቴን ይዤ የገባሁባቸው ሁለት የጥርስ ክሊኒኮች

ለገና ከሜሪላንድ መጥቼ አዲስ አበባ አምስት ሳምንት ቆየሁ። ስለ በረራውና ስለ ሆቴሉ ሌላ ሰው ይጻፍ። ወላጆቻችሁን ልታሳክሙ የምትመጡ ግን ይህችን አንብቡልኝ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ዳቦ ገምጣ ስታስቀምጥ ነጩ ላይ ደም አየሁ። «ቆይቷል፣ እርጅና ነው» አለችኝ። የታች የፊት ጥርሶቿም ይነቃነቃሉ፤ ቆሎ ከተወች ዓመት አልፏታል። በስልክ ስንገናኝ ሁሌም «ደህና ነኝ» ነበር የምትለኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ቦሌ አካባቢ፣ ዘመድ «የዲያስፖራ ነው» ብሎ የላከን ክሊኒክ ነው። ንጽህናውን አልክድም። ቀጠሯችን 3 ሰዓት ነበር፤ የገባነው ለ6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። ስኳር ያለባት ሰው ናት፣ ምግቧ ሰዓቱን ማለፍ የለበትም ብዬ ሁለቴ ተነስቼ ጠየቅሁ። «አሁን ትገባላችሁ» ይሉኛል፤ ከኋላችን የመጡ ሦስት ሰዎች ገብተው ወጡ። ሐኪሙ አፏን ያየው ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ራጅ አላነሳም፣ ድዷን አልለካም፣ ስኳሯን አልጠየቀም። «አራቱ ተነቅለው ኢምፕላንት ይተከላል» አለ፤ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ ማለቱ ነው። ከአሜሪካ መምጣቴን ካወቁ በኋላ ዋጋው በዶላር ሆነ፦ 3,200፣ ግማሹ ቅድሚያ። ይቅርብን ብለን ስንወጣ «ለካርድና ለምርመራ» 4,500 ብር አስከፈሉን። ከፊታችን የነበሩ እናት ለዚያው 500 ብር ሲከፍሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ደረሰኝ ስል «ሲስተም የለም»። እኔ በምኖርበት አገር ሳይነኩህ በፊት የዋጋ ዝርዝር በወረቀት ይሰጡሃል። ገንዘቡስ ይቅር፤ መኪና ውስጥ አፏን በነጠላዋ ሸፍና «ያለ ጥርስ ልቀር ነው?» ስትለኝ አንጀቴ ተላወሰ።

ሁለተኛውን የጠቆመን የሰፈራችን ፋርማሲስት ነው። ከመገናኛ ወረድ ብሎ ያለ ትንሽ ክሊኒክ ነው። ደረጃው ለእናቶች ከባድ ነው፣ መደገፊያውም ይወዛወዛል፤ ይህን ቢያስተካክሉት። ሐኪሟ ወጣት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችው የስኳሩን የሦስት ወር ውጤት ነው። ራጅ አነሳች። ከዚያ ሚሊሜትር በተሰመረበት ቀጭን ብረት የእያንዳንዱን ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ እየለካች ለነርሷ ቁጥር ትጠራለች፦ «ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት…»። እናቴ እጄን ጨምድዳ ይዛለች።

ጨርሳ መስታወት ሰጠቻትና አስረዳቻት። እስከ 3 ጤና ነው፤ ከ4 ጀምሮ ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ መሥራት ጀምሯል ማለት ነው። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ባክቴሪያ ያዘለ ቆሻሻ በየቀኑ ካልጸዳ ምራቅ ውስጥ ባለው ካልሲየም ጠንክሮ ድንጋይ ይሆናል፤ ድዱ ይቆጣል፣ ይደማል። እዚያ ላይ ቢታጠብ ይድናል። ሲቆይ ግን ጥርሱን የያዘው አጥንት ይበላል፤ የተበላው ደግሞ ራሱን አይመልስም። ስኳር ከፍ ሲል ድድ ይብሳል፣ የታመመ ድድም ስኳሩን ያስቸግራል። ወንድሜ «የኔ እንኳ አይደማም» ቢል «ታጨሳለህ? ሲጋራ ደሙን ይደብቀዋል» አለችው። እሱም ተለካ፣ 5 ተገኘበት።

በማደንዘዣ፣ በሁለት ቀጠሮ፣ ከድዱ ሥር ያለውን ድንጋይ አራግፋ የጥርሶቹን ሥር አለሰለሰች። «እናቴ፣ መፋቂያውን አይተዉ፤ ማታ ማታ ግን ለስላሳ ብሩሽ ይጨምሩ፣ ድዱን አይውጉት» አለቻት። አንዷን ጥርስ ነክታ «ይቺ ላትተርፍ ትችላለች፤ ቢሆንም አሁን አልነቅላትም» ብላ እውነቱን ነገረችን። ድምሩ 9,800 ብር፣ ከነደረሰኙ። እኔ ሜሪላንድ ለግማሽ አፍ ብቻ፣ ኢንሹራንስ ሸፍኖልኝ እንኳ ከ600 ዶላር በላይ ከፍያለሁ።

እባካችሁ፣ «ይነቀል» ሲሏችሁ ራጁንና ልኬቱን አሳዩኝ በሉ። የክሊኒኩን ስም በውስጥ ለጠየቀኝ እነግራለሁ።

ከተመለስኩ በኋላ፣ በስድስተኛው ሳምንት፣ እህቴ ወስዳት ዳግም ተለካች። ስድስት የነበረው አራት ሆኗል፣ ደሙም ቆሟል። ያቺ አንዷ አሁንም ትነቃነቃለች፤ እናቴ ከሦስት ወር በኋላ እንድትመለስ ቀጠሮ ተሰጥቷታል።