ወይንና ቺዝ በጎንደር፦ አዲሱ ቤት ይሻላል ወይስ የራስ ጠረጴዛ?

ፒያሳ አካባቢ የወይንና የቺዝ ቤት ከተከፈተ ወዲህ ያገኘኝ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «እዚያ መሄድ ያዋጣል ወይስ ጠርሙስ ገዝቶ ቤት መግባት?» መልሴ አጭር ነው፦ ወይኑን ቤታችሁ ጠጡ፤ ቺዙን ግን እዚያው ብሉ።

ከሒሳቡ ልጀምር። አንድ ብርጭቆ የዝዋዩ ሪፍት ቫሊ ወይን 320 ብር ይላል የዋጋ ዝርዝሩ። ከታች በደቃቅ ፊደል ዋጋው ታክስን እንደማይጨምር ተጽፏል። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከልበት 352፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲመጣ 405 ብር ገደማ ይሆናል። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ በአግባቡ ቢቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ስለዚህ አንዱን ጠርሙስ ከ2,000 ብር በላይ ጠጣችሁት ማለት ነው። እኔ ያንኑ ጠርሙስ ከሱቅ የገዛሁት በ950 ብር ነው። በልዩነቱ ሁለተኛ ጠርሙስ ይገዛል፤ ለባጃጅም ይተርፋል።

በብርጭቆ ማዘዝ ሌላም ጣጣ አለው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ቤቱ ጭር ይላል። ማክሰኞ ማታ የተከፈተ ጠርሙስ ሐሙስ ሲቀዳ ሽታው ወደ ኮምጣጤ ያዘነብላል። አስተናጋጁን «መቼ ነው የተከፈተው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተንተባተበ አዲስ ይክፈትላችሁ። ቺዙም እንዲሁ ነው፤ ጠርዙ ደርቆ ቢጫው ከጠቆረ ከጾሙ በፊት የተቆረጠ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ ምን ሊያቀርቡ እንዳሰቡ እንጃላቸው።

ሱቅ ስትሄዱ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። «የፈረንሳይ ነው» ተብሎ በ2,800 ብር የተሸጠልኝ ጠርሙስ የወረቀቱ ማዕዘን ተሸብሽቦ ሙጫው ወጥቶ ነበር፤ ቡሹ ላይ አንዲት ፊደል የለም። የቀመስነው የስኳርና የቀለም ውሃ ነው። ባለሱቁ ዛሬም ድረስ ገንዘቤን አልመለሰም። ስለዚህ የውጭ አገር ስም አያማልላችሁ። ሪፍት ቫሊን የሚያመርተው ካስትል ዝዋይ ላይ ካለማው እርሻ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚያወጣው ሲራም ሆነ ሜርሎ የተባለው ቀይ ወይን በዋጋው የሚያሳፍር አይደለም። ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው፣ ወይን የማይወድ እንግዳ ካላችሁ ጣፋጩን አክሱማይት ግዙ። ባለቡሽ ጠርሙስ ደግሞ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ቆሞ የከረመ ከሆነ ቡሹ ይደርቃል፤ ጋደም ብሎ የተቀመጠውን ምረጡ።

የቡሽ መንቀያ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ሁለት ክንፍ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ አንድ መንቀያ በ250 ብር ገዛሁ። ቅርጹ ከታወቀው ምርት ተቀድቷል፤ ብረቱ ግን እንደ ሰም ነው። ጥርሶቹ ተፋፍቀው ክንፉ ባዶውን ይዞር ጀመር። ብየዳ ቤት 80 ብር ከፍዬ አስጠገንኩት። በሚቀጥለው ጠርሙስ ጠመዝማዛው ቡሹ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ፤ ቡሹን በማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፍተን ወይኑን በሻይ ማጥለያ አጥልለን ጠጣን። አስተናጋጆች ኪሳቸው ውስጥ የሚይዙትን ታጣፊውን ግዙ፤ የሚበላሽ ጥርስ የለውም።

ቺዙ ላይ ግን አዲሱ ቤት ያሸንፋል። አራት ዓይነት የተደረደረበት የእንጨት ገበታ 900 ብር ነው፤ ከነክፍያው 1,140 ገደማ። ውድ ነው። ነገር ግን ጎዳ የተባለውን ቺዝም ፕሮቮሎኔውንም ሱቅ የሚሸጥላችሁ በትልቅ ቁራጭ ነው። ለሁለት ሰው ይህን ሁሉ ማን ይጨርሰዋል? መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ውስጥ ላብ ያላበው ቺዝ አንድ ጊዜ ካሸተታችሁ ዳግም በኪሎ አትገዙም። አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፦ ከአራቱ አንዱ ዓይብ ነው፤ ሁለት ማንኪያ፣ ጤና አዳምና ጥቁር አዝሙድ ተነስንሶበት። የገበታው ሩብ ዋጋ 285 ብር ለዓይብ! ቅዳሜ ገበያ በዚህ ገንዘብ ቤተሰብ የሚያጠግብ ይገኛል፤ ውሃው በደንብ የተንጠፈጠፈውን መርጣችሁ ከነጭ ወይን ጋር ቅመሱት። እዚያ ቤት ስታዝዙ ግን ዓይቡን በሌላ እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ፤ ለእኔ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቀይረውልኛል።

ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ቅዳሜ ማታ ይሁን፤ አንድ ገበታና አንድ አንድ ብርጭቆ ይበቃል፤ 2,000 ብር አይሞላም። ለምረቃ ወይም ለልደት ስምንት ሰው የምትጋብዙ ከሆነ ግን በዚያ በር አትለፉ።