የሙዚቃ ሸክላ ማጠቢያ ልትገዙ ነው? ከማጠቡ በፊት ማድረቁን እዩ

ሰሞኑን ሸክላ የሚሰበስብ ሰው በዝቷል፣ በጣም ደስ ይላል፣ ግን ሁሉም የሚጠይቀኝ ያው ነው፣ በምን ልጠበው፣ ብሩሽ ይበቃል ወይ፣ ማሽን ልግዛ ወይ። እኔ ፒያሳ ነው ያደግኩት፣ አባቴ አንድ ካርቶን ሙሉ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ የ7 ኢንች ሸክላ) ትቶልኝ ነው የጀመርኩት፣ እስካሁን አራቱንም መንገድ፣ ብሩሹን፣ ገንዳውን፣ ቫኩሙንና አልትራሶኒኩን፣ አይቻለሁ፣ ሁለቱን በራሴ እቃ ሁለቱን ጓደኛ ቤት።

ሰው ሲያወዳድር የሚያየው የትኛው ጥሩ አድርጎ እንደሚያጥብ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ውሃው ከሸክላው ላይ እንዴት እንደሚነሳ ነው፣ ምክንያቱም ቆሻሻው ለቀቀ ማለት ሄደ ማለት አይደለም፣ ውሃው ውስጥ ነው ያለው፣ ውሃው እዛው መርፌዋ የምትሄድባት ቀጭን ቦይ ውስጥ ከደረቀ ቆሻሻውም እዛው ተመልሶ ይጋገራል። የመርፌ ጫፍ እኮ ወደ 18 ማይክሮን ናት፣ ለአይን የማይታይ ነገር ለሷ ድንጋይ ነው፣ ያ ጭስስ ጭስስ የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

የካርቦን ፋይበር ብሩሽ ምርጫ ውስጥ አይገባም፣ ሁላችሁም ሊኖራችሁ ይገባል። ከማጫወታችሁ በፊት ሸክላው እየዞረ ሁለት ሶስት ዙር ታስነኩታላችሁ፣ ላዩ ላይ ያረፈውን አቧራ ያነሳል፣ በቃ። የጣት ቅባት፣ የስንት አመት የእጣንና የከሰል ጭስ ግን በደረቅ ብሩሽ አይለቅም።

ቀጥሎ ገንዳው ነው፣ ስፒን ክሊን የሚባለው፣ ከ1975 እ.ኤ.አ ጀምሮ ያለ እቃ ነው፣ ዋጋው ውጪ 100 ዶላር አካባቢ ወይም ከዛ በታች። ሸክላውን በሁለት ብሩሽ መሃል ታቆሙታላችሁ፣ በእጅ ሶስት ዙር ወደዚህ ሶስት ዙር ወደዛ፣ አለቀ። መብራት አይፈልግም፣ ይሄ ለኛ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላው የምወድለት 7፣ 10 እና 12 ኢንቹን በአንድ እቃ ማጠቡ ነው፣ የኛ ሀገር ሸክላ ደግሞ አብዛኛው 45 ነው፣ አምሃ ሪከርድስ የሚባለው ሸክላ አሳታሚ ብቻውን ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ 103 ሲንግል አውጥቷል፣ ረጅም አልበሙ ወደ ደርዘን ቢሆን ነው። ድክመቱ ሁሉንም በአንድ ውሃ ማጠቡ ነው፣ አስረኛው ሸክላ የዘጠኙ እድፍ ውስጥ ይዋኛል፣ ስለዚ እኔ ሌላ ሳፋ ላይ ንጹህ ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ አዘጋጅቼ አለቀልቀዋለሁ፣ ሌብሉ፣ መሃሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ እንዳይርስ እየተጠነቀቅኩ።

ማድረቁም በእጃችሁ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው። ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ መጀመሪያ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ጫን ጫን አድርጋችሁ ውሃውን አስመጥጡ፣ አትፈትጉ፣ ከዛ በሁለተኛ ደረቅ ጨርቅ ቦዩን ተከትላችሁ ክብ ክብ አድርጉ፣ ከመሃል ወደ ውጪ አቋርጣችሁ አይሆንም። ሌብሉ ከረጠበ በጣታችሁ እንዳትነኩት፣ እርጥብ ወረቀት ላይ አውራ ጣት ሲያልፍ ቀለሙን ይዞ ይሄዳል፣ አንድ የዘፋኝ ስም ከነፎቶው እንዲህ ጠፍቶብኛል እስካሁን ይቆጨኛል። ከዛ የሰሃን መደርደሪያ ላይ አቁሙት፣ ግማሽ ሰአት ጥላ ውስጥ። ሶፍት አይነካም፣ ብናኙን ትቶ ይሄዳል። ፀሐይ ደግሞ በጭራሽ፣ እኔ አንዱን 45 ቶሎ ይድረቅ ብዬ መስኮት ላይ አስደግፌ ቡና ጠጥቼ ስመለስ ጎብጦ ጠበቀኝ፣ መርፌዋ ላዩ ላይ እንደ ጀልባ ነው የምትወጣና የምትወርደው፣ አልተስተካከለም። ቪኒል፣ ሸክላው የተሰራበት ፕላስቲክ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይለሰልሳል፣ የጸጉር ማድረቂያም ያው ነው።

ቫኩም ማሽን፣ እንደነ ኦኪ ኖኪ እና ፕሮጀክት (Pro-Ject) ያሉት ብራንዶች፣ ይሄን ሁሉ ጣጣ ይገላግላሉ። ፈሳሹን ትቀባላችሁ፣ በብሩሽ ታሹታላችሁ፣ ከዛ ክንዱ ውሃውን ከነቆሻሻው ምጥጥ አድርጎ ይወስደዋል፣ በሁለት ዙር ደረቀ ማለት ነው። ለኔ ከማድረቅ አንጻር ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፣ ግን ከሁለት ዙር በላይ አታስመጥጡት፣ ስታቲክ (በመፋተግ የሚፈጠር ኤሌክትሪክ) ይይዝና መልሶ አቧራ ይስባል። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ የ7 ኢንች ክንድ አብሮት አለ ወይ፣ ብዙዎቹ ላይ ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ ያለሱ ለ45 አይሆናችሁም። ሁለተኛ ቮልቱ፣ ዘመድ ከአሜሪካ ይዞልኝ ይመጣል የምትሉ ለዛ ገበያ የተሰራው 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220 ላይ ቀጥታ ከሰካችሁት ሊቃጠል ይችላል፣ ለአውሮፓ የተሰራውን አስመጡ። ድምፁም የቫኩም ክሊነር ያህል ነው፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ማታ አይሆንም። ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር ይጀምራል፣ ሁለት መቶ ሶስት መቶ ሸክላ ላለው ሰው ያዋጣል።

አልትራሶኒክ፣ ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ ውሃ ውስጥ የሚያጥበው፣ አሪፍ ነው አልዋሽም። ዲግሪተር የሚባለው በ120 ኪሎኸርዝ ያጥባል፣ ራሱ በፋን ያደርቃል፣ ግን ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ በዛ ብር ስንት ሸክላ ይገዛል። ርካሾቹ የ40 ኪሎኸርዝ ገንዳዎች ደግሞ ማድረቂያ የላቸውም፣ እየሰሩ ውሃውን ያሞቁታል፣ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አጥፍቶ ማቀዝቀዝ ነው፣ ማድረቂያ ስለሌላቸውም ተመልሳችሁ ጨርቁ ጋ ናችሁ። ሀምሳ ሸክላ ይዞ እዚህ ውስጥ የሚገባ ሰው ገንዘቡን ባያባክን እመርጣለሁ፣ ገንዳው ይበቃዋል።

የትኛውንም ግዙ ፈሳሹ ላይ አትቀልዱ። የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ነገር አይታችኋል አይደል፣ ሸክላው ላይም ያንኑ ነው የሚተወው። ዲስትልድ ውሃ የመኪና እቃ ሱቅ የባትሪ ውሃ ብላችሁ ታገኛላችሁ፣ ግን ጽሑፉን አንብቡ፣ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጧችሁ፣ እሱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ለአንድ ሊትር ሽታ የሌለው የእቃ ሳሙና ሁለት ሶስት ጠብታ ይበቃል፣ በደንብ ይለቅለቅ። ሳኒታይዘር አልኮል አለው ብላችሁ እንዳትጠቀሙ፣ ግሊሰሪን ስላለው ይቀባዋል። ደግሞ እኛ ሁሉንም ሸክላ ስለምንል ነው እንጂ የድሮው 78 (በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው) ቪኒል አይደለም፣ ሼላክ የሚባል ነገር ነው፣ አልኮል ያሟሟዋል፣ አንዲት ጠብታ እንዳትነካው። ከባድ ከሆነ፣ ስታነሱት እንደ ሰሃን ከጠነከረና 78 የሚል ካያችሁበት ውሃና ሳሙናው ብቻ፣ እሱም ቶሎ ቶሎ።

ማጠቢያውን ስታዙ አብራችሁ የፖሊኤትሊን (ፕላስቲክ) የውስጥ ከቨር ሀምሳ እዘዙ፣ የታጠበውን መልሳችሁ እዛ አቧራ የጠጣ ወረቀት ውስጥ አትክተቱት። ስታዙ 7 ኢንች ብላችሁ ጻፉ፣ ካልጻፋችሁ የ12ቱን ነው የሚልኩላችሁ።