ነጠላ ቴምብር ወይስ ሙሉ ፖስታ? ለድሬና ለሐረር ገዢዎች

ሰሞኑን የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ጀጎል ውስጥ የምኒልክ ቴምብር አገኘሁ፣ ልግዛው?» የእኔም መልስ አንድ ነው። ቴምብሩ የተለጠፈበት ፖስታ ከነፖስታ ቤቱ ማኅተም ካለ ተደራደሩ። ነጠላ ቴምብር ብቻ ከሆነ ኪሳችሁን ያዙ።

ነገሩ ከዋጋው ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ የአገራችን ቴምብሮች በ1894 ፓሪስ የታተሙት ሰባቱ ናቸው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በአራቱ ላይ ምኒልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳው አለ። ሻጩ «ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል» ይልና ሺህ ቤት ይገባል። ዕድሜ ብቻውን ግን ብርቅ አያደርግም። እነዚህ ቴምብሮች ያልተሠራባቸው ብዙ ተርፈው በየአገሩ ሰብሳቢ እጅ ስለገቡ ዛሬም ርካሽ ናቸው።

የሚወደዱት ኋላ በላያቸው ጽሑፍ በእጅ የተመታባቸው ናቸው። በ1901 በፈረንሳይኛ የአገራችን ስም፣ በ1902 «ቦስታ»፣ በ1903 «መልክት»። ጉዱም ያለው እዚሁ ነው። ርካሹን ቴምብር ገዝቶ የጽሑፉን ማኅተም ያስቀረጸ ሰው በአንድ ምት ያስወድደዋል። አስመስሎ የተመታው ከጥሩው ይበዛል ብትሉኝ አልከራከርም። አንድ ጓደኛዬ ሐረር ፈረስ መጋላ አካባቢ 6,000 ብር ከፍሎ «መልክት» ይዞልኝ መጣ። ሻጩ ወላሂ ብሎለታል። በአጉሊ መነጽር ስናየው የጽሑፉ ቀለም የፖስታ ቤቱን ክብ ማኅተም ረግጦ አልፏል። ጽሑፉ የሚመታው ቴምብሩ ሳይሸጥ ነው፣ ክቡ ማኅተም ደግሞ ደብዳቤው ሲላክ። እንግዲህ ማን ማንን እንደሚቀድም እናንተው ፍረዱ። ብሩ አልተመለሰም።

ፖስታ ግን ምስክሩን ይዞ ነው የሚመጣ። ከየት ተነሣ፣ መቼ፣ በየት አለፈ፣ ስንት ተከፈለበት፣ ሁሉም ላዩ ላይ ነው። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1902 ነው። ከዚያ ወዲህ የሐረር ደብዳቤ ወደ ድሬ ወርዶ፣ በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ይሄድ ነበር። ጀርባውን ገልብጡትና ቀኖቹ ይከታተሉ እንደሆነ እዩ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት የገባችው በኅዳር 1908 ነው። ከዚያ በፊት የእኛ ቴምብር ከጅቡቲ ወዲያ አያሻግርም ነበር፤ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበታል። በ1905 በምኒልክ ቴምብር ብቻ ፓሪስ የደረሰ ነው ያላችሁን ሰው፣ «ቀሪውን ማን ከፈለ?» በሉት።

የአየር ፖስታም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ የአየር ቴምብሮች የወጡት በነሐሴ 1929፣ የመንግሥት የመጀመሪያ አውሮፕላን አዲስ አበባ በገባበት ሰሞን ነው። እነሱም የአውሮፕላን ሥዕል የተመታባቸው ነባር ቴምብሮች ስለሆኑ ነጠላውን አልነካም። በፖስታ ላይ ሲሆኑም ከትንሹ እስከ ትልቁ ዋጋ በአንድ ፖስታ ላይ ተደርድረው ካያችሁ ለሰብሳቢ የተዘጋጀ ነው። እውነተኛ ደብዳቤ ጸሐፊ ለዚያች ደብዳቤ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚለጥፍ።

ለጀማሪ የምመክረው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያዝያ 1946 በአስመራ በኩል ካይሮ መብረር ጀመረ። ከዚያ በኋላ የተላኩ፣ ጠርዛቸው ቀይና ሰማያዊ የሆነ፣ የጃንሆይ ቴምብር ያለባቸው ፖስታዎች ድሬ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በየድሮ ባቡር ሠራተኛ ቤት ሳጥን ውስጥ አሉ። እኔ ከ200 እስከ 400 ብር ነው የምገዛቸው። የድሬዳዋ ማኅተም ጥርት ብሎ የሚነበብ ከሆነ እስከ 600 እከፍላለሁ። ከዚያ በላይ ካሉኝ ሻይ ጠጥቼ እሄዳለሁ፤ ብዙ ጊዜ መልሰው ይጠሩኛል።

ጥገና የሚባለውን አትመኑ። ፕላስተር የተለጠፈበት ፖስታ ቡናማ እድፉ አይለቅም፣ ዋጋውን ግማሽ አድርጉት። በእንፋሎት ቴምብሩን አላቅቆ ለየብቻ የሚሸጥ ሰው ሁለቱንም ገደላቸው። በድሬ ሙቀት ደግሞ ተራ የላስቲክ ኪስ ከቴምብሩ ጋር ይጣበቃል። እኔ ወፍራም ወረቀት ውስጥ አድርጌ ከቆርቆሮው ጣሪያ ርቆ አስቀምጣለሁ፣ የምነካቸውም በወረንጦ ነው።

ቴምብሩ በመቀስ የተቆረጠለት ፖስታ ቢያመጡላችሁ፣ የጀርባው ማኅተም ሙሉ ከሆነ 50 ብር ይበቃዋል።