«የእጅ ሰንሰለት ሠርታችሁ አምጡ፣ እንገዛለን» ለሚሏችሁ ብር አትክፈሉ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ ይህን ሳትከፍሉ አንብቡት። የከፈላችሁም አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ቤት ቁጭ ብላችሁ ሥሩ» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ይመጣል። አዳራሽ ተከራይተው የግማሽ ቀን ስልጠና ይሰጣሉ። ከዚያ «ፓኬጅ» ትገዛላችሁ። አንድ ጥቅል ሽቦ፣ አንድ ከረጢት ትናንሽ ቀለበት (እነሱ ጃምፕ ሪንግ ይሉታል)፣ ሁለት ፒንሳ፣ ጥቂት መቆለፊያ። ዋጋው 3,500 ብር። 20 የእጅ ሰንሰለት ሠርታችሁ ስታመጡ አንዱን በ300 ብር እንረከባለን ይላሉ። 6,000 ብር ማለት ነው። ሥራ አጥታ ቤት ለተቀመጠች ልጅ ይህ ሒሳብ ልብ ያሞቃል።

የእህቴ ልጅ ከፈለች። ተጠንቅቃ ነው የሠራችው፤ እጇም ደህና ነው። ስትወስድላቸው አንዱን አንስተው ገለባበጡና «ጥራቱን አያሟላም» አሉ። ሃያውም ተመለሰ። ምኑ ነው የጎደለው ብላ ስትጠይቅ «የላቀ ስልጠና አለ፣ እሱን ውሰጂ» ተባለች። እሱም በክፍያ ነው። አብረዋት የሠለጠኑትን ሳነጋግር የሁሉም ታሪክ አንድ ሆነ።

እኔ ከሽቦና ከፒንሳ ጋር ብዙ ጊዜ የኖርኩ ነኝ። ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አየሁት።

መጀመሪያ ቀለበቶቹ። የተቆረጡት በመቁረጫ ፒንሳ ነው። እንዲህ የተቆረጠ ሽቦ ጫፉ ሾጣጣ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን ጫፎች የቱንም ያህል ብታጋጥሟቸው ክፍተቱ አይጠፋም። ጣት ይቧጭራል፤ ነጠላ ሲነካው ክሩን ይመዝዘዋል። ቀለበት ልጥፍ ብሎ የሚገጥመው በቀጭን መጋዝ ሲቆረጥ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ «ጥራት የለውም» ብለው የመለሱባት ራሳቸው የሸጡላትን ጉድለት ነው። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ልኩም አይሆንም። ሰንሰለት የሚሠራ ሰው ቀድሞ የሚያሰላው የቀለበቱን የውስጥ ስፋት ለሽቦው ውፍረት አካፍሎ ነው። ባይዛንታይን የሚባለው ጥልፍልፍ መልክ የሚይዘው 3.5 አካባቢ ሲሆን ነው፤ ሽቦው 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ የቀለበቱ ውስጥ 3.5 ሚሊ ሜትር። ፓኬጁ ውስጥ ያለው ሽቦው 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ ቀለበቱ ግን ወደ 6 ይጠጋል። በዚህ የተሠራ ሰንሰለት ይዝረከረካል፣ ትንሽ ሲጎተትም ይከፈታል። የፈለገ ጥሩ እጅ ይኑራችሁ፣ በስልጠናው ያሳዩዋችሁ ናሙና ከዚህ ዕቃ አይወጣም።

ደግሞ ዕቃውን «925 ብር» ብለው ነው የሸጡት፤ ብር ሲሉ ማዕድኑን ነው እንጂ ዋጋውን አይደለም። 925 ማለት ከ1,000 እጁ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው፣ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ። ሽቦውን በሞረድ ጫር ሳደርገው ከላዩ ያለው ስስ ልባስ ተነሳና ከሥሩ ቀይ መዳብ ብቅ አለ። ቀለበቶቹን ማግኔት ለቀም አደረጋቸው። ብርን ማግኔት አያነሳውም፤ ብር አይደሉም ማለት ነው። ማግኔት ካላነሳው ብር ነው ብላችሁ ግን እንዳትሸወዱ፤ መዳብንም ነሐስንም አሉሚኒየምንም አያነሳም። መቆለፊያው ላይ 925 የሚል ማህተም ማየትም አያጽናናችሁ። ማህተሙን ማንም ሊመታው ይችላል። ኒኬል ያለበት ዕቃም አለ፤ ቆዳው የማይቀበለውን ሰው አንጓውን ያሳክከዋል፣ ሽፍ ያደርገዋል።

አያቶቻችን ጌጥ ሲያሠሩ ጠገራ ብራቸውን ይዘው አንጥረኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። 1780 የሚል የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ነው፣ ከ1,000 እጁ 833ቱ ብር። ምን እንደሚቀልጥላቸው ያውቁ ነበር። የመንዝ ሰው ዛሬም ባና ሲገዛ ገልብጦ አይቶ፣ ክሩን ስቦ ነው። ሽቦም እንደዚያው ነው የሚገዛው።

ገንዘባቸው ያለው ፓኬጁ ላይ ነው። ሰንሰለቱን ቢረከቡ ይከስራሉ፤ ስለዚህ መመለሱ ከመጀመሪያው የታሰበበት ነው። የምር ገዢ ያለው ሰው ዕቃውን ራሱ ሰጥቶ የእጅ ዋጋ ይከፍላል። እናንተን አያስከፍልም። «ጥራት» የሚሉትም በውሉ ላይ በልክ አልተጻፈም። በሚሊ ሜትር የለም፣ በግራም የለም። ያልተጻፈ ልክ ሁልጊዜ እንደጎደለ ነው።

አሁን ደግሞ «3 ሰው ካመጣችሁ ኮሚሽን አላችሁ» ማለት ጀምረዋል። እባካችሁ ጓደኞቻችሁን አታስገቡ። ሰው እያመጡ የሚከፈሉበት የፒራሚድ ሽያጭ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ይኸው አዋጅ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ቀኑ ሳያልፍባችሁ ተነሱ። ደረሰኝ አልሰጡን ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በቴሌብር ከከፈላችሁ መልእክቱ አለ።

ሙያውን ግን በእነሱ ምክንያት አትጥሉት። ጥሩ ሙያ ነው፣ ለመማርም 3,500 ብር አይጠይቅም። ሞተር የሚጠመጥሙ ሰዎች ዘንድ የመዳብ ሽቦ ይሸጣል፤ ለልምምድ እሱ ይበቃል። ቀጥ ባለ ቀጭን ዘንግ ላይ አጥብቃችሁ ጠምጥሙት፣ አውጡትና በቀጭን መጋዝ ከላይ ወደ ታች ቁረጡት። ቀለበቱን ስትከፍቱ በሁለት ፒንሳ ይዛችሁ አንዱን ጫፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አዙሩት። በዚያ ስልጠና ወደ ውጭ ጎትቱ ነው ያሏቸው። እንደዚያ የተጎተተ ቀለበት ክብነቱ አይመለስም። እጃችሁ ሲፈታ እውነተኛውን የብር ሽቦ ከምታውቁት አንጥረኛ በግራም ግዙ፤ ሲመዝን ቆማችሁ እዩ።

የተመለሰባችሁን ሰንሰለት ደግሞ አትበትኑት፣ የተረፈውንም ሽቦ አትጣሉት። ከቴሌግራሙ ማስታወቂያና ከክፍያው መልእክት ጋር ይዛችሁ ለከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ከተቻለ አብራችሁ ከሠለጠናችሁት ጋር ሆናችሁ በአንድ ማመልከቻ ግቡ።