ኤንሉፕ፦ ቻርጅ የሚደረግ የባትሪ ድንጋይ የት ያዋጣል?

ለሪሞት ብላችሁ ከሆነ አትግዙት። ሪሞትና የግድግዳ ሰዓት በተራ ድንጋይ ዓመት ይከርማሉ፤ ብዙ መቶ ጊዜ እንዲሞላ የተሠራን ድንጋይ እዚያ መወተፍ ራሱ ብክነት ነው። ኤንሉፕ ገንዘቡን የሚመልሰው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ድንጋይ የሚበላ ዕቃ ላይ ነው፦ የልጆች መኪና፣ የካሜራ ፍላሽ፣ ገመድ አልባ ማይክሮፎን። የአራት ድንጋይና የቻርጀሩን ዋጋ ደምራችሁ ለአራት ተራ ድንጋይ ዋጋ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ስንት ጊዜ ከሞላችሁት በኋላ ትርፍ እንደሚጀምር ይነግራችኋል። የመብራት ወጪው ከቁጥር አይገባም፤ አራቱን መሙላት ባለ10 ዋት አምፖል ሁለት ሰዓት ገደማ ከማብራት አይበልጥም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ሳንዮ ሲያወጣው (አሁን የፓናሶኒክ ነው) ስም ያተረፈው በአቅሙ አልነበረም። የቀድሞዎቹ የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋዮች (ኤንሉፕም ከዚሁ ዓይነት ነው) ተሞልተው መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጡ በራሳቸው ያልቁ ነበር፤ ይሄኛው ግን ቻርጁን ይዞ ይቆያል። ነጩ ደብል ኤ (AA የሚባለው መጠን) 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ ይህ የአቅሙ መለኪያ ነው፤ አምራቹ 2100 ጊዜ ይሞላል ይላል፣ በቤት አያያዝ ግን ያን ያህል አትጠብቁ። ጥቁሩ ፕሮ 2500 ገደማ ቢይዝም ዕድሜው ወደ 500 ሙሌት ያጥራል። ለአብዛኛው ሰው ነጩ ይበቃል። 4000 የሚል ደብል ኤ ካያችሁ ደግሞ እለፉት፤ በዚህ ዓይነት ድንጋይ ከ2800 ብዙም የሚያልፍ የለም። ሚዛን ላይ ብታወጡት ብዙ ጊዜ ቀልሎ ይጋለጣል፦ ጤነኛው 26 ግራም አካባቢ ይመዝናል።

ድንጋዩን የሚገድለው ግን ቻርጀሩ ነው። ርካሹ ሁለት ሁለት እያጣመረ ስለሚሞላ አንዱ ቀድሞ ሲጠግብ ሌላው እስኪሞላ አብሮ ይጋገራል። ለሁለት ጉድጓድ አንድ መብራት ካለው ወይም ሦስት ድንጋይ አልቀበልም ካለ እሱ ነው፤ ተዉት። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱ መብራት ያለውና ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ይሁን። ለደብል ኤ የሚሞላበት ኃይል ከ500 እስከ 1000 ሚሊአምፒር ቢሆን ጥሩ ነው። በጣም ቀስ ብሎ መሙላትም ሁልጊዜ ደግ አይደለም፤ ብዙው ቻርጀር መሙላቱን የሚያውቀው ድንጋዩ ሲጠግብ ቮልቴጁ ጥቂት ዝቅ ስለሚል ነው፣ ኃይሉ ደካማ ከሆነ ያቺ ዝቅታ አትታየውም። መጨረሻ ላይ ለብ ቢል አትደንግጡ፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ቶሎ ከሶኬቱ ንቀሉ።

አብረው የተገዙ አብረው ይኑሩ። የተገዙበትን ወር በማርከር ጻፉባቸው። አሮጌ ከአዲስ ሲደባለቅ ደካማው ቀድሞ ያልቅና ሌሎቹ በተቃራኒው ይገፉታል፤ ይህ ሲደጋገም ይሞታል። የላስቲክ ልባሱንም እዩ። ከፖዘቲቭ ጉጧ በቀር ቆርቆሮው በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ጉጧ አጠገብ ልባሱ ከተቀደደ ብረት ሁለቱን ያገናኝና ሾርት አድርጎ ያግለዋል።

«1.2 ቮልት ብቻ ነው» የሚለው ቅሬታ በከፊል እውነት ነው። አንዳንድ ዕቃ ገና ሳያልቅ «ድንጋይ ቀይር» ይላል። ነገር ግን አልካላይኑም (ተራው ድንጋይ) ከ1.5 ይነሳ እንጂ ሥራ ላይ ሲውል ግማሽ ገደማ ሲደርስ እዚያው ይወርዳል። ኤንሉፑ እስኪያልቅ ድረስ 1.2 አካባቢ ይጸናል፣ ከዚያ ድንገት ይወድቃል፤ ለእጅ ባትሪ ይህ ጉዳት አለው፣ ሳያስጠነቅቅ ይጠፋል።

ሪሞቱ ውስጥ ለቀረው አልካላይን፦ ዕቃው ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ አውጡት። ፈስሶ ነጭ ዱቄት ከሠራ ዕቃውን አትጣሉ። ጓንት አድርጋችሁ አቼቶ በነካ ጥጥ ስፕሪንጉን እሹት፣ በንጹሕ ጥጥ ጥረጉት፣ ክፍት ሆኖ ይደር። ዝገቱ ስፕሪንጉን በልቶ ካልጨረሰው በማግስቱ ይሠራል።