የባርነስ የመዳብ ጥይት፦ በመንዝ ገደል ሥር በውሃ ጄሪካን የተደረገ ፍተሻ

በአርሲና በባሌ ተራሮች ፈቃድ ባለው የአደን ድርጅት ውስጥ ስሠራ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ቆስሎ ጫካ የሚገባ እንስሳ ነው። ጎልማሳ ወንድ የደጋ አጋዘን እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን ስለሚችል፣ አረሩ (ከጥይቱ ተተኩሶ የሚወጣው ክፍል) የትከሻውን አጥንት አልፎ ሳንባውና ልቡ ድረስ ካልዘለቀ እንስሳው ለቀናት ተሠቃይቶ ይሞታል፤ ሥጋውም ቆዳውም ለማንም ሳይሆን ይቀራል። በ2013 ዓ.ም. ጥር ወር ለዕረፍት መንዝ ውስጥ ወዳለችው መሐል ሜዳ ስመጣ፣ 30-06 በተባለው የአደን ጠመንጃ መለኪያ የተሠሩ ሁለት ዓይነት ጥይቶችን ለማነጻጸር የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነበር። ጠመንጃውና ጥይቶቹ የድርጅቱ ናቸው፤ ከድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድ ይዤ፣ ለቀበሌውና ለወረዳው ፖሊስም አስቀድሜ አሳውቄአለሁ። የጦር መሣሪያን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 እያለ ያለ ፈቃድ ይህን መሞከር እንደማይገባ ማሳሰብ ግዴታዬ ነው።

የመጀመሪያው ጥይት የተለመደው ዓይነት ነው፤ እርሳሱ በስስ መዳብ ተሸፍኖ ጫፉ ላይ ብቻ ይጋለጣል። ሁለተኛው ባርነስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው፣ አንድ ጠብታ እርሳስ የሌለበት ሙሉ የመዳብ አረር ነው። ኩባንያው ይህን ዓይነት አረር መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የሁለቱም አረሮች ክብደት 11.7 ግራም ነው፤ ካርቶናቸው ላይ የተጻፈው ከአፈሙዝ ሲወጡ ያላቸው ፍጥነትም በሰከንድ 820 ሜትር ያህል በመሆኑ ንጽጽሩ ፍትሐዊ ነበር።

ከቆራሌው ላይ የገዛኋቸውን ባለ 5 ሊትር ቢጫ የዘይት ጄሪካኖች ውሃ ሞልቼ፣ ከእርሻችን በታች ባለው ገደል ሥር፣ ከጀርባቸው ወፍራም የአፈር ግድግዳ እንዲኖር አድርጌ ስምንት ስምንቱን በረድፍ አቆምኳቸው። የእያንዳንዱ ውፍረት 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት ዝግጅቱን ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ውሃ ሥጋ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «አይደለም አባባ፤ ግን ሁለቱም አረሮች የሚፈተኑት በአንድ ውሃ ነው» አልኳቸው። ጥያቄያቸው ግን ትክክል ነበር። ውሃ አጥንት የለውም፣ ጅማትም የለውም፤ ስለዚህ በጄሪካን የተገኘ ጥልቀት በእንስሳ አካል ውስጥ የሚገኘውን ጥልቀት አይነግረንም፤ የሚነግረን የትኛው አረር ከየትኛው እንደሚሻል ብቻ ነው።

ከ50 ሜትር ስተኩስ የመጀመሪያው ጄሪካን ከላይ እስከ ታች ተተረተረ፤ ውሃው ከሰው ቁመት በላይ ተረጨ። ባለ እርሳሱ አረር አራተኛው ጄሪካን ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። እንደ እንጉዳይ ተደፍጥጦ ጠርዙ ተቦጫጭቋል። ደብረ ብርሃን አንድ ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 7.6 ግራም ብቻ ሆነ፤ ከሲሶ በላይ የሚሆነው እርሳስ በመንገድ ተበትኗል ማለት ነው። የመዳቡ አረር ስድስተኛው ድረስ ዘልቆ ነበር። ጫፉ በአራት ቅጠል ተከፍቶ፣ ስፋቱ ወደ 15 ሚሊ ሜትር ደርሶ፣ ክብደቱ ግን 11.6 ግራም ላይ ጸንቶ ነበር።

ከ150 ሜትር የተገኘው ውጤት ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። ባለ እርሳሱ አረር ከሩቅ ሲተኮስ አምስተኛው ጄሪካን ደረሰ፤ ማለትም ከቅርቡ ይልቅ ከሩቁ በጥልቀት ገባ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በቅርብ ርቀት ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለሆነ ለስላሳው እርሳስ ቶሎ ይደፈጠጥና ሰፊ ፊቱ ውሃውን እየገፋ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ከራቀ ግን ቀስ ብሎ ስለሚከፈት ይዘልቃል። የመዳቡ አረር በሁለቱም ርቀት ስድስተኛው ውስጥ ነው የቆመው፤ እኔን ያሳመነኝም ይህ አንድ ዓይነትነቱ ነው። እንስሳው በጭጋግ ውስጥ በ40 ሜትር ይሁን በ150 ሜትር ብቅ እንደሚል አዳኙ አስቀድሞ አያውቅምና።

የአዛውንቱ ጥያቄ ስላልለቀቀኝ በማግስቱ ከሥጋ ቤት ያመጣሁትን የበሬ የትከሻ አጥንት ከመጀመሪያው ጄሪካን ፊት አስሬ ደገምኩት። ባለ እርሳሱ ሦስተኛው ላይ ቀረ፤ ሽፋኑና እርሳሱም ተለያይተው ተገኙ። የመዳቡ አንድ ቅጠሉን አጥቶ አምስተኛው ደረሰ።

የመዳብ አረር በአጠቃላይ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ፍጥነቱ ብዙ ከቀነሰ በሚገባ ላይከፈት ስለሚችል እጅግ ሩቅ መተኮስ አይመከርም፤ አፈሙዙ ውስጥም የመዳብ ዝቃጭ ስለሚተው ጠመንጃው በመዳብ ማሟሟቻ ቶሎ ቶሎ መጽዳት አለበት። ዋጋውም ከተለመደው ይበልጣል።

ለእኔ ግን የተበተነው እርሳስ ጉዳይ ከዋጋው ይከብዳል። ከአደን በኋላ የሚጣለውን ሆድ ዕቃ ጥንብ አንሳ ይበላዋል፤ በውስጡ የቀረ የእርሳስ ፍንጣሪም ወፎቹን እንደሚመርዝ በብዙ አገር ተረጋግጧል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2019 አንሥቶ ለማንኛውም አደን የእርሳስ ጥይት የከለከለውም በዚህ ሳቢያ ነው። ምንም ዓይነት አደን በማይታሰብበት በመንዝ የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ አናት ላይ ሲያንዣብቡ የማያቸው ትልልቅ ጥንብ አንሳዎች ምግብ ፍለጋ ረጅም ርቀት የሚበሩ ናቸው፤ እኛ የምናድንበት ተራራ ላይም እነሱን የመሰሉ አሉ። ወደ ሥራዬ ስመለስ የጄሪካኖቹን ፎቶና ሁለቱን አረሮች ለኃላፊዬ አሳይቼ፣ ለቀጣዩ ወቅት ሙሉ በሙሉ የመዳቡ ጥይት እንዲታዘዝ በጽሑፍ ጠይቄአለሁ።